«አባቴ ኖቶሪየስ ሐኪም ነው»

አንዲት የሳቢያን እናት የሰባተኛ ክፍል ልጃቸውን የእንግሊዝኛ ደብተር አምጥተው አሳዩኝ። ደብተሩ በሁለት ዓምድ ተሰምሯል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ትርጉሙ። ገጹ ሁሉ በቃላት ተሞልቷል፤ ሁሉም አስጠኚው «ከባድ» ብሎ የመረጣቸው ናቸው። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጅቷ ስለ ቤተሰቧ የጻፈችው አጭር ድርሰት አለ። ሁለተኛው መስመር «አባቴ ኖቶሪየስ ሐኪም ነው» ይላል።

በደብተሩ ውስጥ «ኖቶሪየስ» ከሚለው ትይዩ የተጻፈው «ታዋቂ» ነው። ስለዚህ ልጅቷ የተሰጣትን በትክክል ተጠቅማለች። ቃሉ ግን በእንግሊዝኛ የሚነገረው በክፉ ሥራው ስሙ ለገነነ ነው፤ ለወንበዴ፣ ለአጭበርባሪ፣ ሰው ለሚሸሸው መንገድ። አባትዬው እስከማውቃቸው ድረስ ደግ ሐኪም ናቸው።

ይህን የማነሣው ልጅቷ ላይ ለመሳቅ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር በከተማችን የቃላት ዝርዝር ፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ አስጠኚ ይቀጠራል፣ «ልጄ በቀን ሃያ ቃል ትይዛለች» የሚል ወሬ በየቡናው ይሰማል። ቃላትን እንደ ሙሸበክ በኪሎ የምንገዛ እንመስላለን። ገንዘቡና ድካሙ የእውነት ነው፤ የልጁም ጭንቀት የእውነት ነው። የሚያሳዝነኝ አብዛኛው ድካም በተሳሳተው የቃል ዓይነት ላይ መፍሰሱ ነው።

እስቲ ልጆቻችን የሚጠብቃቸውን እንመልከት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። በድሬዳዋ ልጆች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ግን የባዮሎጂው፣ የታሪኩ፣ የሂሳቡ መጽሐፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናል። በክፍሉ ቀዳሚ የነበረ፣ ስለ ደም ዝውውር ሲጠየቅ እጁን ቀድሞ የሚያወጣ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ዝም ይላል። ወላጅ «ምን ነካብኝ?» ይላል። የተነካ ነገር የለም፤ የሚያውቀውን የሚናገርበት ቃል አጥቶ ነው።

ታዲያ ይህን ልጅ ያስቆመው «ዩቢኩዊተስ» የሚለው ቃል ነው? አይደለም። በየቦታው የሚገኝ ለማለት የሚውለው ይህ ቃል በባዮሎጂ መጽሐፉ ውስጥ ቢመጣ እንኳ ከስንት አንዴ ነው። ያስቆመው «አሲዩም» ነው፤ እንዲህ ነው ብለን እንነሣ ማለት። «ኢንፈር» ነው፤ ከተሰጠው ተነሥቶ ያልተነገረውን መረዳት። «ኮንሲኩዌንትሊ» ነው፤ በዚህም ምክንያት። «ዲራይቭ»፣ «ኢቫሉዌት»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ፋክተር»። እነዚህ ቃላት አያምሩም፣ በእንግዳ ፊት ቢነገሩም ማንም አያጨበጭብም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ትምህርት፣ በእያንዳንዱ የፈተና ጥያቄ ውስጥ ተቀምጠዋል። ትርጉማቸውን ያላወቀ ልጅ መልሱን እያወቀ ጥያቄው ያመልጠዋል።

የቋንቋ አጥኚዎች ይህን ልዩነት በቁጥር አስቀምጠውታል። ቤንጋል ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩት ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ሁለት ሺህ ያህል ዋና ዋና ቃላትን የያዘ ዝርዝር አሳተሙ። እነዚህን ከነቤተሰቦቻቸው ያወቀ ሰው ተራ ጽሑፍ ሲያነብ ከአምስቱ ቃል አራቱን ገደማ ያውቃል። ቤተሰብ ስል ከአንድ ሥር የወጡትን ማለቴ ነው፤ ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጻፊያ እንደምንለው። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉት የኒውዚላንድ ምሁር የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍትን መርምረው ከዌስት ዝርዝር ውጭ ሆነው በሁሉም የትምህርት ዘርፍ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦች ለይተው አወጡ። በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ካለው ቃል አሥር በመቶ ያህሉ ከእነዚህ 570 የሚመጣ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው «አሲዩም» እና ጓደኞቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሳምንት አምስት ቃል፣ ከነቤተሰቡ። 570ን ለአምስት ስናካፍል 114 ሳምንት፤ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር። ሰባተኛ ክፍል መግቢያ ላይ የጀመረ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲጀምር መንገዱን ሊጨርስ ይቃረባል። በቀን ሃያ ቃል አያስፈልግም። በቀን አንድ ቃል፣ ቅዳሜና እሑድ እረፍት።

«ከባዶቹስ ይቅሩ?» ትሉኛላችሁ። አይቀሩም፤ ግን በዝርዝር አይመጡም። ፖል ኔሽን የተባሉ ሌላ የኒውዚላንድ ምሁር በ2006 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት አንድ ሰው ልብ ወለድ ወይም ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሺህ የቃል ቤተሰብ ያስፈልገዋል ብለዋል። ስምንት ሺህን በሳምንት አምስት አምስት እያልን ብንሸመድድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ልጃችሁ ልጅ ወልዶ እሱን ሲያስጠና ይደርሳል። ያን ያህል ቃል የሚገኘው በንባብ ብቻ ነው። ለልጁ ደረጃ የሚመጥን፣ በገጽ ሁለት ሦስት አዲስ ቃል ብቻ ያለው፣ ታሪኩ የሚስብ መጽሐፍ።

ውጭ አገር ለመማር የሚያስቡ ወጣቶች ወላጆችም ይጠይቁኛል፤ ከባድ ቃል ነጥብ ያስገኛል ወይ እያሉ። የአይኤልቲኤስ የጽሑፍና የንግግር ፈተና እኩል ክብደት ባላቸው አራት መስፈርቶች ይታረማል፤ ከአራቱ አንዱ የቃላት አጠቃቀም ነው። ያልተለመዱ ቃላትን መጠቀም ይቆጠራል፤ ግን ቃሉ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድና የት ቦታ እንደሚባል ማወቅም አብሮ ይቆጠራል። «ኖቶሪየስ ሐኪም» እዚያ ዋጋ ያስከፍላል። የአሜሪካው ኤስኤቲ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ተማሪ ያስጨንቁ የነበሩትን ከስንት አንዴ የሚያጋጥሙ ቃላት ትቶ፣ በምንባብ ውስጥ ያሉ ቃላትን ትርጉም ወደ መጠየቅ ዞሯል። ከተማችን ውስጥ የሚዞረው ፎቶ ኮፒ ግን አሁንም የድሮውን ፈተና የሚያዘጋጅ ይመስላል።

ወደ ሐኪሙ ልመለስ። አንድ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ሲተረጎም የሚጠፋው የቃሉ ፊት ነው፤ ፈገግታው ወይም ግልምጫው። ይህን ለልጅ ለማስረዳት ደግሞ ከአማርኛ የተሻለ መሣሪያ የለም። ልጃችሁን «ቀጭን፣ ሸንቃጣ፣ ከሲታ፣ መንማና» ብላችሁ ጠይቁት። አራቱም ስለ አንድ ዓይነት ሰውነት ይናገራሉ። የትኛውን ለሙሽራ ትላለህ? የትኛውን ለታመመ? ሳያስተምሩት ያውቀዋል። ከዚያ «ስሌንደር» ሸንቃጣ ነው፣ «ስኪኒ» ወደ ከሲታ ያደላል በሉት፤ ነገሩ ይገባዋል። «ፍሩጋል» ቆጣቢ ነው፣ «ስቲንጂ» ንፉግ። ሁለቱንም «ገንዘብ የማያወጣ» ብሎ የተረጎመ ዝርዝር ልጁን አንድ ቀን ከሰው ያጣላዋል፤ በተለይ ለድሬ ልጅ ንፉግ መባል ቀላል ስድብ አይደለም።

የአማርኛ እውቀት ለእንግሊዝኛ እንቅፋት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። አንድ የግል ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ አማርኛ ወይም ሶማሊኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ እንዲከፍል ያደርግ እንደነበር ወላጆች ነግረውኛል። ልጆቹ እንግሊዝኛ አልጨመሩም፤ በእረፍት ሰዓት ዝም ማለትን ለመዱ። ከሁሉ የከፋው አንዷ ልጅ እናቷ ትምህርት ቤት በር ላይ በሶማሊኛ ስትጠራት እንዳልሰማች መሆኗ ነው። ለዚህ የሚከፈል የትምህርት ቤት ክፍያ አይገባኝም።

ደግሞ እኛ ድሬዎች ሌላው ከተማ የሌለው ሀብት አለን። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋንም አብሮ ወለዳት፤ የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ሲጨዋወቱ ዛሬም ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። ብዙ ወላጅ ይህን የድሮ ትዝታ አድርጎ ያልፈዋል። እንግሊዝኛ ግን «ከባድ» የምንላቸውን ቃላት ብዙዎቹን ያገኘው ከፈረንሳይኛ ነው። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ወርረው ያዙ፤ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ገበሬው በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። በዚህ የተነሣ እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ይይዛል፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ የክት። መጀመር ለቤቱ «ቢጊን» ነው፣ ለክቱ «ኮሜንስ»። በቂ ሲባል «ኢናፍ» እና «ሰፊሸንት»። መርዳት ሲባል «ኸልፕ» እና «አሲስት»። ነጻነት ሲባል «ፍሪደም» እና «ሊበርቲ»።

በባቡር ድርጅት የሠሩ አያት ያሉት ልጅ «ኮሜንስ» የሚለውን ቃል አያቱን ይጠይቅ። አያት «ኮማንሴ ነዋ!» ይሉታል፤ ቃሉም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአያቱ ድምፅ ጋር ይቀመጣል። በእርግጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በፈረንሳይኛ «ሊብሬሪ» መጽሐፍ መሸጫ ነው፣ በእንግሊዝኛ «ላይብረሪ» ቤተ መጻሕፍት። የፈረንሳዩ «ሌክቱር» ንባብ ነው፣ የእንግሊዙ «ሌክቸር» ደግሞ መምህር ቆሞ የሚሰጠው ትምህርት።

ከሁሉ የምወደው «ሹፌር» ነው። በፈረንሳይኛ «ሾፌ» ማለት ማሞቅ ነው፤ ሹፌር ማለትም አሞቂ። በእንፋሎት ባቡር ዘመን ከነጂው አጠገብ ቆሞ እሳቱን የሚመግበው ሰው ነበር። በኋላ ቃሉ ወደ መኪና ዞረ። አማርኛ ለባጃጁም ለአይሱዙውም ነጂ አደረገው፤ እንግሊዝኛ ግን በደመወዝ ተቀጥሮ የሰው የግል መኪና ለሚነዳ ብቻ አስቀረው። ስለዚህ ልጃችሁ የባጃጅ ነጂውን በእንግሊዝኛ «ሾፈር» ቢል አድማጩ ነጭ ጓንት ያደረገ ሰው ይታየዋል። «ድራይቨር» ይበቃዋል።

ዐረብኛም አለ። አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት «ማጋዚን» ከዐረብኛው ማኸዚን የመጣ ነው፤ ዕቃ ማስቀመጫዎች ማለት። «መጋዘን» የሚለው ቃላችንም ከዚያው ሥር ነው። እንግሊዞች መጽሔትን የጽሑፍ መጋዘን አድርገው አዩት። «አልጀብራ»፣ «ዜሮ»፣ «ሹገር» ሁሉም ከዐረብኛ የተነሡ ናቸው። መጋላ ሱቅ ውስጥ አባቱ አጠገብ ቆሞ ዐረብኛ የሰማ ልጅ እነዚህን ቃላት ከለንደን ልጅ ይልቅ ይቀርባቸዋል።

ሥርን መከተል ለልጅ የማስተምረው ሁለተኛው ነገር ነው። አማርኛችን ራሱ በሥር የሚሠራ ቋንቋ ስለሆነ ልጆቻችን ለዚህ ዝግጁ ናቸው። «ፖርት» የሚለውን ውሰዱ፤ በላቲን መሸከም ማለት ነው። «ትራንስፖርት» ከዚህ ወዲያ መሸከም። «ኤክስፖርት» ወደ ውጭ፣ «ኢምፖርት» ወደ ውስጥ። «ፖርተብል» ሊሸከሙት የሚቻል። «ፖርተር» የጣቢያው ዕቃ ተሸካሚ። «ሰፖርት» ከሥር ሆኖ መሸከም፣ ማለትም መደገፍ። «ሪፖርት» ወሬ ተሸክሞ መመለስ። ደረቅ ወደብና ነፃ የንግድ ቀጠና ባለበት ከተማ ለሚያድግ ልጅ እነዚህን በአንድ ከሰዓት ማስያዝ ይቻላል። ወደብ የሚባለው «ፖርት» ግን ከሌላ የላቲን ቃል የመጣ ስለሆነ ልጁ ከጠየቃችሁ እንዳትደናገሩ።

አሁን ወደ ሥራው። የሚያስፈልገው አንድ የጫማ ካርቶን ነው። ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጀርመናዊ ጸሐፊ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ካርቶኑን በአምስት ክፍል ክፈሉት። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ቁራጭ ወረቀት ይዘጋጅ፤ ፊቱ ላይ ከልጁ የመማሪያ መጽሐፍ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር፣ ቃሉ ያለበት ቦታ ባዶ ሆኖ። ጀርባው ላይ ቃሉ፣ የቃሉ ቤተሰብና የአማርኛው ትርጉም። አዲስ ወረቀት ሁሉ ከመጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ ይህ ክፍል በየቀኑ ይጠየቃል። ልጁ ከመለሰ ወረቀቱ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እሱ በሁለት ቀን አንዴ ይጠየቃል። ሦስተኛው በሳምንት፣ አራተኛው በሁለት ሳምንት፣ አምስተኛው በወር። በየትኛውም ክፍል ያለ ቃል ከተረሳ ያለ ቁጣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ይህ የሚሠራበት ምክንያት ከመቶ ዓመት በፊት ተገኝቷል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ የተሸመደደ ነገር አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚጠፋ፣ ጥናቱን በቀናት ከፋፍሎ መድገም ደግሞ በአንድ ቀን ከመደራረብ እንደሚሻል አሳየ። እሑድ ሦስት ሰዓት ከሚቀመጥ ልጅ በየቀኑ አሥር ደቂቃ የሚቀመጥ ይበልጣል። በእኛ ሙቀት ከቀትር በኋላ አትሞክሩት፤ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲያርፍ ልጁም ይረፍ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል፣ በረንዳው ውኃ ተርከፍክፎ ሲቀዘቅዝ፣ ቡና ሲፈላ ይሁን። ጠያቂው እንግሊዝኛ ማወቅ የለበትም፤ ባዶውን ዐረፍተ ነገር አሳይቶ ጀርባውን ማመሳከር ለአያትም ለታናሽ ወንድምም የሚቻል ሥራ ነው።

መዝገበ ቃላትን በተመለከተ፣ ለወላጅ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ዛሬም ይጠቅማል። ለልጁ ግን ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግዙለት። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ሎንግማን ትርጉሞቹን ሁሉ ሁለት ሺህ ያህል ቀላል ቃላትን ብቻ በመጠቀም ነው የጻፈው፤ ዋና ዋናዎቹን ቃላት የያዘ ልጅ ያለ ረዳት ይከፍተዋል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ «ኖቶሪየስ» ሥር መጀመሪያ የሚነግረው በመጥፎ ነገር የታወቀ መሆኑን ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ወላጆች የሚመጣው። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ ፍርሃቱ ከቤት አልወጣም። ያ ውጤት የቃላት ጉዳይ ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ግን ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው 570 ቃል አዲስ መጀመር ልጁን ማድከም ነው። ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችን አውጡ፤ የእንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን የባዮሎጂውን፣ የጂኦግራፊውን፣ የኢኮኖሚክሱን። ልጁ መልሱን ሳይሆን ጥያቄው ምን አድርግ እንደሚለው የሚነግሩትን ቃላት በእርሳስ ያስምር፤ «ኮምፔር»፣ «ኮንትራስት»፣ «ኢንፈር»፣ «ጀስቲፋይ»፣ «ኤክሴፕት»። ሲደጋገሙ ያያቸዋል፤ ሃምሳም ላይሞሉ ይችላሉ። እነሱን ብቻ ካርቶኑ ውስጥ ይክተት፣ ማታ ማታም ይተኛ።